የጥር ወር ካርታ

«ምልክቱን አድርግበት ብዬሃለሁ።»

«አላደርግም።»

«ብዕሩ በእኔ እጅ ቢሆን እስካሁን ራሴ አድርጌው ነበር።»

«ካርታውን ገልብጠው እያዩ?» አልኳቸው አባቴን።

እናቴ እንዝርቷን አቆመች። በእኛ አገር ለአባት እንዲህ ተብሎ አይመለስም። አባቴ ግን አልተቆጡም። በርኖሳቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብሰብ አድርገው መደቡ ላይ በተነጠፈው ጀንዲ ጠርዝ ተቀመጡና ወረቀቱን እንደ ታመመ ከብት ዝም ብለው አዩት። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ከቀትር ጀምሮ ይዘንብ ነበር። በመካከላችን የተዘረጋው ወረቀት ስስ፣ ቅባት የነካው የሚመስል፣ በሰማያዊ ቀለም የተሰመረበት ነው። ጠርዙ እንዳይጠቀለል አራት ጠጠር አኑሬበታለሁ። ቀኑ ሐሙስ ነበር፤ ቅዳሜ በገበያ ቀን ወረቀቱ ቡሬ ምሽግ ተመልሶ መግባት ነበረበት።

ጣልያን ቡሬ ከገባ ሁለተኛው ክረምት ነው። አባቴ ከዚያ በፊትም የደብራችን ጭቃ ሹም ነበሩ፤ ጣልያን ሲመጣ ሹመቱን የሚረከባቸው ሰው ጠፋና በዚያው ቀሩ። ታላቅ ወንድሜ በሚያዝያ ጠመንጃውን ከጎተራ ሥር አውጥቶ ጫካ ገብቷል። ከጓደኞቹ ጋር ከፈጣም ወንዝ ማዶ፣ ወደ ወጀት በሚወስደው ወገን ነበሩ። ወጀት ዛሬ ፍኖተ ሰላም የምንላት ከተማ ናት። ከሐምሌ እስከ መስከረም ፈጣም ሲሞላ ጦር አይሻገረውም። ስለዚህ ክረምት ለአርበኛ የዕረፍት ወራት ነው፤ ቁስሉን ያደርቃል፣ ልብሱን ይሰፋል፣ ትጥቁን ፈትቶ ይተኛል። የምሽጉ መኮንን ይህን ያውቃል። በትልቁ መንገድ በድልድዩ ቢሄድ ወሬው ከመኪናው ቀድሞ እንደሚደርስም ያውቃል። የፈለገው ማንም በማይጠብቀው ወር በእኛ ደብር በኩል በእግርና በበቅሎ መሻገር ነው።

በመኮንኑ ክፍል ግድግዳ ላይ ጀርባው ሸራ የሆነ አሮጌ ካርታ ተሰቅሏል። አባቴ ልጅ ሳሉ በአገራችን ያለፈ አንድ ፈረንጅ መንገደኛ የሣለው ነው። የመኮንኑ አስተርጓሚ የእኛን ወንዝ ክፍል በስሱ ወረቀት ላይ ገልብጦ ለአባቴ ሰጣቸው። «መሻገሪያው እዚህ ላይ ተጽፏል» አላቸው። «ትክክል መሆኑን ታያለህ። ሌላም ካለ ትጨምርበታለህ። ልጅህ ይጽፍልሃል።» ጢማቸው የሸበተ ሰው «አንተ» ሲባል አጠገባቸው ቆሜ ነበር። አባቴ እንዳልሰማ ሰው በርኖሳቸውን አስተካከሉ።

እኔን ወደዚህ ነገር የከተተኝ የላቲን ፊደል ነው። ማንም አላስተማረኝም። የቡሬ ነጋዴዎች ከሚጥሉት የላምባ ቆርቆሮና ከዱቄት ጆንያ ላይ አንድ በአንድ ለቅሜ ያወቅሁት ነው። ቅኔ ቤት ዓመት ሳልሞላ ወጥቻለሁ፤ የሌላውን ሰው ቅኔ መቀጸል ሰለቸኝ፤ የራሴን ግጥም በከሰል በሰው አጥር ላይ እየጻፍኩ ከደብር ደብር እዞር ነበር። እናቴ «ይህ ልጅ እግሩ ውስጥ ጉንዳን አለ» ትለኝ ነበር። ወንድሜ ጫካ ሲገባ ቤት የሚውል ወንድ ስለጠፋ ተመለስኩ እንጂ ወድጄ አልነበረም።

ወረቀቱ እጄ ከገባ በኋላ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ከመደቡ አልተነሣሁም። እንደ መጽሐፍ ነው ያነበብኩት። መጀመሪያ ያልገባኝ አግድም አግድም የተሰመሩት መስመሮች ነበሩ። የተጠጋጉበትና የተራራቁበት ቦታ አለ። ገደልና ሜዳ መሆናቸውን በስንት ልፋት ደርሼበት ለአባቴ ላስረዳ ስጀምር አንድ ጊዜ አይተው «ትልም ነዋ» አሉ። «ተዳፋት ስታርስ በሬውን አግድም አይደል የምትነዳው? ይህ ሰውዬ አገሩን በሙሉ አርሶታል።» ከዚያ ወዲያ ፊደል ሳያውቁ ከእኔ ፈጥነው አነበቡት። በጣታቸው ሳይነኩ፣ ከወረቀቱ አንድ ስንዝር ከፍ አድርገው፣ «ይህ የእኛ ኮረብታ፣ ይህ የወፍጮ ድንጋይ የሚወጣበት ሸንተረር፣ ይህ የጦጣ ገደል» እያሉ ወረዱ።

ፈረንጁ ያየው አገር ግን የዛሬው ብቻ አልነበረም። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ዛሬ ጤፍ የምንዘራበትን ተረተር ጥቅጥቅ ባሉ ክቦች ሞልቶታል፤ ጫካ ነበር ማለት ነው። የአያቶቻችን የቤት ምሰሶ ከየት እንደመጣ ያን ቀን ገባኝ። ወደ ወንዙ ስትወርድ ከሾላው ዛፍ አጠገብ፣ ፊደሉ የላቲን ቃሉ ግን የእኛው ሆኖ፣ ገበያ ብሎ ጽፏል። ሾላው ዛሬም አለ፤ ገበያ ግን ስለ መኖሩ የሰማ ሰው የለም። እናቴ ብቻ ስነግራት ፈትሏን ይዛ ቀና አለችና «እዚያ መሬት ውስጥ አሞሌ ጨው ይገኛል ይሉ ነበር፤ ልጆች ሆነን እንልስ ነበር» አለች። ከሾላው በስተቀኝ ብዙ ትናንሽ ነጥቦች ተጠጋግተው አሉ። እያንዳንዱ ነጥብ ቤት ነው። እዚያ ቦታ ዛሬ ያለው ሳማ ነው፤ ሳማ ደግሞ ሰው በኖረበት መሬት ላይ ይበረታል። ነጥቦቹን ቆጠርኳቸው። አባቴ «የኅዳር በሽታ» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። የእናታቸው ወንድሞች እዚያ ነበሩ።

እንዲህ እንዲህ እያልን ወንዙ ጋ ደረስን፤ ጠቡም ከዚያ ጀመረ።

ፈረንጁ ከወንዙ ወዲህ ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ሁለት መንገድ ወደ ውሃው አውርዷል። ከማዶው ደብርም ሁለት መንገድ አውርዷል። አራቱ መንገዶች አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ። እዚያ ላይ በትልልቅ ፊደል መሻገሪያ ብሎ ጽፎበታል። ማንም እንግዳ ቢያየው ከዚህ የበለጠ መሻገሪያ በጎጃም የለም ይላል።

ቦታው ጥምቀተ ባሕር ነው።

የእኛ ሰው ከከተራ በፊት ባለው ሳምንት ወርዶ ወንዙን በድንጋይና በሣር ይከትረዋል። የእኛ ታቦት ከወዲህ፣ የማዶው ታቦት ከወዲያ ይወርዳሉ። ካህናቱ ከባረኩት በኋላ የሁለቱም ደብር ሰው እልል እያለ ይገባበታል፤ ውሃው ያን ጊዜ ቢበዛ ከጉልበት በላይ ነው። ታቦቱ በወረደበት መንገድ አይመለስም፤ በሌላ ይወጣል። መንገዱ ሁለት ሁለት የሆነው ለዚህ ነው። በዓሉ ሲያልፍ ክትሩ ይፈርሳል፤ ወንዙ እንደ ፈቃዱ ይሄዳል። ከማዶ የመጣው ወደ ማዶ፣ ከወዲህ የመጣው ወደዚህ ይመለሳል እንጂ በዚያ ቦታ የሚሻገር ሰው የለም። በሐምሌ በሁለት ገደሎች መካከል ገብቶ የሚጣበበው ውሃ ከታች ያለውን አለት ይፈለፍለዋል። እዚያ የገባ በሬ ሬሳው ሦስት ቀን ቆይቶ ከታች ይገኛል።

ፈረንጁ ግን ያለፈው በጥር ነው። ወሩን አልጻፈም። ካርታ ወር የለውም፤ እኔን የገረመኝና ያናደደኝም ይህ ነው። የእኛ አገር የጥር አገርና የነሐሴ አገር ነው፤ አንዱን አይቶ ሌላውን አየሁ ማለት አይቻልም። ያንኑ ዕለት በወረቀቱ ጀርባ ላይ ለወንዙ ሁለት መስመር ጻፍኩለት፤

በጥር ያየህ ሁሉ አወቅሁህ ይልሃል፣
ነሐሴ ሲመጣ ስምህን ይጠይቃል።

ለአባቴ ሳነብላቸው «የእነሱ ወረቀት ላይ ነው የጻፍከው?» አሉኝ። በጥፍሬ ፋቅሁት።

እውነተኛው መሻገሪያ ካርታው ላይ የለም። ከጥምቀተ ባሕሩ በታች፣ ወንዙ ከሚታጠፍበት ወዲያ ነው፤ የበቅሎ ወገብ እንለዋለን። እዚያ ፈጣም ሰፊ አለት ላይ ተዘርግቶ ስለሚያልፍ በነሐሴ እንኳ ከበቅሎ ወገብ አይበልጥም። ወደዚያ የሚወስድ መንገድ የለም። መንገድ እንዳይወጣ እኛው እንጠብቃለን፤ ከላይ ባለው ጅረት ሆድ ውስጥ ገብተን ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጥን ነው የምንወርደው። ከብት በዚያ አይነዳም። ጅረቱ ወንዙን በሚቀላቀልበት አፍ ላይ አጋም ይተከላል፤ ከደረቀ በየዓመቱ ተራው የደረሰ ቤተሰብ ይተካል። ልጅ አፉን መቆለፍ ሲችል ብቻ ይወሰዳል። እኔ ከወንድሜ ሁለት ዓመት ዘግይቼ ነው የተወሰድኩት፤ ምክንያቱን እናቴ እስከ ዛሬ እየሳቀች ትናገራለች።

በዚያ ክረምት እናቴና ሁለት ጎረቤቶቿ በሶና ቆሎ በስልቻ አዝለው በየሳምንቱ በበቅሎ ወገብ ይሻገሩ ነበር። አባቴ ምልክት አድርግበት ያሉኝ በዚያ ላይ ነው።

«ስማኝ» አሉኝ ያን ሐሙስ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ወረቀቱን እንዳለ ብንመልስ ምን ይሆናል? መኮንኑ ጭፍራውን ይዞ ጥምቀተ ባሕሩ ላይ ይወርዳል። ግማሹ ይሰምጣል።»

«ይስመጥ።»

«ይስመጥ። ግማሹስ? የቀረው ግማሽ ወዴት ይሄዳል? ወደዚህ ነው የሚመጣው። ‹ትክክል ነው ብሎ የላከው ማን ነው?› ይላል። ወንድምህ እግር አለው፤ ይሮጣል። ቤተ ክርስቲያኑ እግር የለውም። ይህች ሴት እግሯን ያማታል።»

«እኔን ምክንያት አታድርጉኝ» አለች እናቴ። «በዚህ በሚያመኝ እግር ነው ወንዙን የምሻገረው።»

«ዝም በይ አንቺ።»

«ዝም ብያለሁ። እየፈተልኩ ነው።»

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። «መሻገሪያውን ብናሳያቸው ያልፋሉ፤ እኛን አይነኩንም። ለወንድምህ ደግሞ ቀድመን ሰው እንልክበታለን፤ ይሸሻል።»

«ከሸሸ በኋላስ?» አልኳቸው። «ጣልያን የበቅሎ ወገብን አንዴ ካወቀ ምሽግ ይሠራበታል። ከዚያ ወዲያ ክረምት የሚባል ነገር ለማንም አርበኛ የለም። በሶ የሚሻገርበት የለም። አንድ ክረምት ለመትረፍ ሁሉን ክረምት ነው የምንሰጠው።»

«አንተ ምን ቸገረህ። አንተ ነገ ተነሥተህ ትሄዳለህ። በሰው አጥር ላይ ግጥም ትጽፋለህ።»

ይህ ነካኝ፤ እውነት ስለነበረ። መልስ ስፈልግ ዐይኔ ወረቀቱ ላይ ወደቀ። ከወንዙ መታጠፊያ በታች ያለው ቦታ ባዶ ነው። ፈረንጁ የጦጣ ገደልን ሳይቀር ጽፏል፤ ሾላውን፣ የእያንዳንዱን ሰው ጎጆ ጽፏል። እዚህ ላይ ግን የወንዙን መስመር ስቦ ዝም ብሎ አልፏል። ጅረቱን እንኳ አልሣለውም።

«እንግዲያው ይህን ያንብቡልኝ» አልኩና ጣቴን ባዶው ላይ አኖርኩ። «ይህ ሰውዬ ሾላውን አይቷል። ይህን ለምን አላየም?»

«ማን ያሳየዋል?»

«ማን አላሳየውም?»

አባቴ ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አሉ። ዝናቡ ጋብ ብሎ ከጣሪያው ሣር ጫፍ የሚንጠባጠበው ብቻ ይሰማ ነበር። ከዚያ መናገር ሲጀምሩ ለእኔ አልነበረም፤ ለወረቀቱ ነው።

«ጢሙ ቀይ ነበር» አሉ። «በቅሎው ነጭ። ደጀ ሰላሙ አጠገብ ድንኳን ተከለ። እኔ የዚህን መደብ ያህል ነበርኩ። አባቴ ምራው ተብሎ ታዘዘ፤ ጭቃ ሹም እሱ ነበር። በከተራ ማግስት ኮረብታው ላይ አወጣው። እኔም ተከትያለሁ። ፈረንጁ በመነጽር ወደ ወንዙ አየ። ሰው ውሃው ውስጥ ነው፤ ከወዲህም ከወዲያም። ሎሌውን ጠራና አስጠየቀ፤ ‹የምትሻገሩት እዚያ ነው?› አለ።»

«አያቴስ ምን አሉ?»

«‹ሰው ውሃው ውስጥ ሲገባ እያየ ምን ይጠይቃል?› አለ አባቴ። ፈረንጁ ጻፈ።»

እናቴ መሳቅ ጀመረች፤ ድምፅ የሌለው ሳቅ፣ ትከሻዋ ብቻ የሚንቀሳቀስ። አባቴ አልሳቁም። እጃቸው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ካርታው ላይ አረፈ። መዳፋቸውን በሙሉ ባዶው ላይ አኖሩት፤ ላቡ በሰማያዊው ቀለም ላይ ዱካ ተወ።

«ያን ጊዜ ጣልያን የሚባል አልነበረም» አልኳቸው። «ከማን ነበር የሚደብቁት?»

«ከማንም። ከሚያልፈው ሁሉ። ያንዱ ራስ ጦር ወደ ላይ ሲወጣ በሬ ይበላል፤ የሌላው ወደ ታች ሲወርድ ይበላል። በዚህ በኩል ጦር አልፎ የማያውቀው ለምን ይመስልሃል? የእኛ ደብር ሀብታም ስላልሆነ ነው? መሻገሪያ ስለሌለው ነው። ካርታው ከጥምቀተ ባሕሩ ሌላ ያሳያል እንዴ?» ካሉ በኋላ የተናገሩትን ራሳቸው የሰሙ መሰለኝ። ቀና ብለው አዩኝ።

ተነሥተው ወደ ከብቶቹ ሄዱ። ዓርብም አንድ ቃል አልወጣቸውም፤ እኔም ምልክቱን አላደረግሁም። እናቴ «ተዋቸው፣ እያረሱት ነው» አለችኝ። ቅዳሜ ማለዳ «ወረቀቱን ያዝ» ብለው ቀሰቀሱኝ። በመንገድ ላይ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «እዚያ ስንደርስ የምናገረው እኔ ነኝ።» ምን እንደሚናገሩ አላወቅሁም። መሻገሪያውን በጣታቸው ቢያሳዩ ምን እንደማደርግ ከቤታችን እስከ ቡሬ ሳስብ ሄድኩ። ወረቀቱን ቀምቼ ልበላው ነበር ያሰብኩት። ቅባት ስለነበረው በጉሮሮ እንደሚያልፍ እርግጠኛ ነበርኩ።

የሆነውን ከመናገሬ በፊት ክረምቱ እንዴት እንዳለቀ ልናገር፤ የአንባቢን ልብ ማንጠልጠል አልወድም። በዚያ ክረምት ፈጣምን የተሻገረ ወታደር አልነበረም። አስተርጓሚው ለመኮንኑ ምን ብሎ እንደነገረው እስከ ዛሬ አላውቅም። በጥቅምት ውሃው ሲጎድል ግን መጡ። ካርታውን ምክንያት አላደረጉም፤ እህል ወደ ምሽግ አናስገባም ስላልን ነው ብለው ቤታችንን ከጎረቤቶቻችን ቤት ጋር አቃጠሉ። አባቴ የፈሩት አልቀረም። ወንድሜ ግን በዚያን ጊዜ ቁስሉ ደርቆ፣ ከነጓደኞቹ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ነበር። ዛሬ ያርሳል። ቤቱንም መልሰን ሠርተነዋል፤ ምሰሶው ከሩቅ ስለመጣ ከድሮው ቀጠን ይላል።

የምሽጉ ጽሕፈት ቤት በር ከጥይት ሣጥን ሳንቃ የተሠራ ነበር። በሳንቃው ላይ ያሉት የላቲን ፊደላት ተገልብጠዋል፤ አናጢው ማንበብ አይችልም። መኮንኑ በጓዳው ክፍል ነበር፤ ሳሉ ይሰማ ነበር። አስተርጓሚው ጠረጴዛው ላይ ወረቀቱን ዘረጋ። ከሰሜን የመጣ ወጣት ነው፤ የካኪ ኮቱ አንገት ሲከፈት ጥቁር ማተብ ይታያል። ምልክት ፈለገ። አላገኘም።

«ምንም አልጨመርክም» አላቸው አባቴን።

«አልጨመርኩም። የምቀንሰው ግን አለኝ።» በጣታቸው መሻገሪያ የተባለውን ነኩ። «ይህ መሻገሪያ አይደለም። ጌታህ እዚህ ቢወርድ ከነበቅሎው ይሰምጣል። በኋላ አልነገርከንም እንዳትሉኝ ነው የምነግራችሁ።»

ያን ውሃ ለእነሱ አስቤው ነበር፤ ሁለት ቀን ሙሉ በቅሎዎቹ ሲገቡ በሐሳቤ እያየሁ ነበር። አባቴ በአንድ ቃል አዳኗቸው።

አስተርጓሚው ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አለ። ጣቱ ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ተነሥቶ በአንዱ መንገድ ወረደ፤ ውሃው ጋ ቆመ፤ በሌላው መንገድ ወጣ። ከማዶም እንዲሁ አደረገ። ሁለተኛ ደገመው። እጁ ሳያስበው ወደ ማተቡ ሄደ።

«በዚህ ወርዶ በዚህ ይመለሳል» አለ ቀስ ብሎ። «እኛም አገር እንዲሁ ነው። ጥምቀተ ባሕር ነው፣ አይደለም አባቴ?»

«ነው» አሉ አባቴ። ‹አባቴ› መባላቸውን እንደ ቅድሙ ‹አንተ› ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ።

«እንግዲያው በክረምት የት ይሻገራሉ?»

«በክረምት አንሻገርም። የማዶው ማዶ ነው፤ የወዲሁ ወዲህ ነው።»

«ሌላ መሻገሪያ የሌለው ወንዝ የለም። ገበሬ ነኝ እኔም፤ አይዋሹኝ።»

«እኔን ለምን ታምናለህ? ይህን የሣለው የእኛ ሰው ነው? ፈረንጅ ነው። የጦጣ ገደል ሳይቀር ጽፏል። ሌላ መሻገሪያ ቢኖር ይቀረው ነበር? የናንተው ካርታ ይመስክር።»

ያን ጊዜ ገባኝ። አያቴ የደበቁት ባዶ ቦታ በጣልያን ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ቀርቦ ይመሰክርልን ነበር። እኔ ውሃውን ነበር የተማመንኩት፤ አባቴ ወረቀቱን።

አስተርጓሚው ባዶው ላይ አየ። እንደሚያውቅ በዐይኑ አየሁት። የአባቴ መዳፍ የተወው የላብ ዱካ በትክክል እዚያ ላይ ነበረ። ብዕሩን አንሥቶ ወደ እኔ ገፋው።

«አንተ ተማርኩ ባይ፣ አባትህ ሽማግሌ ናቸው፤ ነገሩን ረስተውት ይሆናል። አንተ ጻፈው። ጻፍና በሰላም ወደ ቤትህ ሂድ።»

ከጓዳ መኮንኑ ሳለ። አባቴ ወደ እኔ አላዩም፤ ይህን አልረሳም። ግድግዳውን ነው ያዩት። ብዕሩን ይዤ በትልልቁ የላቲን ፊደል ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በእኛ ፊደል ጥምቀተ ባሕር ብዬ ጻፍኩበት። ከሥሩም ጥር ብዬ ወሩን ጨመርኩ። ካርታው ለመጀመሪያ ጊዜ ወር አገኘ። ብዕሩን እሱ በሰጠኝ አኳኋን መልሼ ገፋሁለት።

«ለመኮንኑ ምን ልበለው?» አለ አስተርጓሚው። የጠየቀው እኔን አልነበረም።

አባቴ ተነሡ። ተነሥ ያላቸው ሰው የለም። በርኖሳቸውን አራግፈው፣ ዱላቸውን ከግድግዳው አንሥተው፣ በሩ ጋ ደርሰው ዘወር አሉ።

«ከቸኮለ ጥር ላይ ይምጣ በለው» አሉ። «ያን ጊዜ ውሃው ከጉልበት ብዙም አያልፍም። አንተም አብረህ ና ልጄ፤ ካህኑ ይረጭሃል።»

ወጡ። ተከትያቸው ስወጣ የተገለበጡት ፊደላት ወደ እኔ ዞሩና በሩ ተዘጋ።